የአየር ሂሳብ፦ ደሴ ላይ በላፕቶፕ የሚጫወት የቧንቧ ኦርጋን (የጉዳይ ጥናት)

ቦታው ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ የአንድ መዘምራን ቡድን መለማመጃ ክፍል ነው። ያለው ዕቃ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ባለ 61 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ፣ ለቤዝ የምታገለግል ባለ 32 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ፣ በዩኤስቢ የምትሰካ የድምፅ ካርድ እና ሁለት ስፒከር ነው። ሶፍትዌሩ ግራንድ ኦርግ (GrandOrgue) ይባላል፤ በነፃ ይገኛል፣ የእውነተኛ ኦርጋን (አየር በቧንቧዎች እየተነፋ የሚጮኽ መሣሪያ) እያንዳንዱ ቧንቧ ለየብቻ የተቀዳበትን ፋይል እያነሣ ያጫውታል። የተጫነበት ትንሽ የአውሮፓ ኦርጋን ነው። ለእጅ 54 ቁልፍና 4 ረድፍ ቧንቧ (በየረድፉ ለየቁልፉ አንድ ቧንቧ)፣ ለቤዝ ደግሞ 30 ድምፅ ያለው አንድ ባለ 16 ጫማ፣ ማለትም በጣም ወፍራም ድምፅ የሚሰጥ ረድፍ አለው፤ በጠቅላላው 246 ቧንቧ።

አንድ ቁልፍ ሲነካ ድምፁ ምንም አይወጣለትም። ቅሬታው የሚመጣው ስድስት ቁልፍ በአራቱም ረድፍ ሲያዝ ነው። 24 ቅጂ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል እንጂ አንድ መሣሪያ የሚጫወት አይመስልም። አንዱ ቧንቧ ሌላው መኖሩን አያውቅም። በእውነተኛው ኦርጋን ግን ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ትልቁ ሲጎነጭ ትንሹ ይሰማዋል። መዘምራኑ «ትንፋሽ የለውም» ያሉት ይህንን ነው፣ አባባሉም ትክክል ነው።

ሥራውን የያዙት ሁለት ናቸው፤ ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅና ፕሮግራም የሚጽፍ ጓደኛዋ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የአየር ሞዴል (የኦርጋኑን አየር በስሌት የሚያስመስል) ያለው ሐውፕትቨርክ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ግን በክፍያ ነው፣ ሞዴሉም የሚሠራው ድምፁን ያዘጋጀው ሰው የኦርጋኑን የአየር መረጃ አብሮ ከጻፈለት ብቻ ነው። ስለዚህ ራሳቸው ሊሠሩት ወሰኑ።

አየሩ በምን መንገድ ይሄዳል

ሞተር የሚነዳው ማራገቢያ አየሩን ወደ ወናፍ ይሞላል። በወናፉ ክዳን ላይ ክብደት ተጭኗል፤ ግፊቱን የሚወስነው ያ ክብደት ነው። ከወናፉ የአየር መስመር ወጥቶ ቧንቧዎቹ ወደተተከሉበት የአየር ሳጥን ይገባል፣ ቁልፍ ሲነካ ቫልቭ ይከፈትና አየሩ በቧንቧው እግር ቀዳዳ ይወጣል። ሞተር ሳይመጣ በፊት ወናፍ የሚረግጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ቀጥቃጭ ሁለቱን ወናፍ በግራና በቀኝ እጁ እያፈራረቀ እሳቱን እንዳይቋረጥ የሚያደርገው በዚሁ ዘዴ ነው።

ግፊቱ የሚለካው በውሃ ዓምድ ሚሊ ሜትር ነው። ለእጅ የሚመች ነገር አለው፤ በ1 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 1 ኪሎ ሲጫን 1 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ለዚህ ኦርጋን የተወሰደው 70 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 687 ፓስካል ነው። የወናፉ ክዳን ግማሽ ካሬ ሜትር ከሆነ 35 ኪሎ ተጭኖበታል ማለት ነው።

ብዙ ቧንቧ ሲከፈት ሦስት ነገር ይሆናል። አየሩ በመስመሩ ውስጥ ሲሮጥ ግፊት ይከስራል፣ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። አየር ክብደት ስላለው ወዲያው አይነሣም፣ ወዲያውም አይቆምም። ሳጥኑ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ይጨመቃል። የኋለኞቹ ሁለቱ ተደምረው ዥዋዥዌ ይፈጥራሉ፤ ኮርድ (በአንድ ጊዜ የተያዙ ድምፆች) ሲለቀቅ የቀረው ድምፅ ለአፍታ ብድግ ብሎ ይወዛወዛል። ግፊት ሲወርድ የቧንቧው ቃና ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ትንሽ ይደበዝዛል።

ያልሠሩት ሁለት መንገዶች

መጀመሪያ የተሞከረው የግራንድ ኦርግ የራሱ ትሬሙላንት (ድምፁን የሚያወዛውዝ ክፍል) ነው። የኦርጋኑ መግለጫ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የመወዛወዣውን ጊዜና ጥልቀት መቀየር ቀላል ነው። ጥልቀቱን ወደ 3 ዝቅ አድርጎ ሁልጊዜ ክፍት መተው ነበር ሐሳቡ። ይህ ትሬሙላንት ግን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የድምፁን ጉልበት እንጂ ቃናውን አይደለም፤ ከዚያም በላይ አንድ ቁልፍም ተያዘ ሃያ እኩል ይወዛወዛል። ጆሮ በሁለት ደቂቃ ይለየዋል። ከተጫዋቹ እጅ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መወዛወዝ ሕይወት አይመስልም፣ የተበላሸ ስፒከር ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው የተያዙትን ቁልፎች ቆጥሮ በቁልፍ ግማሽ ሴንት ቃናውን ማውረድ ነበር (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ናት)። ለዚህ ድምፁን ከግራንድ ኦርግ አውጥቶ ፒውር ዳታ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ማጫወት አስፈለገ፤ እዚያ የእያንዳንዱን ቅጂ የንባብ ፍጥነት በየቅጽበቱ መቀየር ይቻላል። ውጤቱ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር፣ ግን በግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ሲጨመር ምንም አይሰማም፣ በቀኝ እጅ ቀጫጭን ድምፆች ሲበዙ ደግሞ ኦርጋኑ ያለ አግባብ ይሰምጣል።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። በ70 ሚሊ ሜትር ግፊት አየር ከእግር ቀዳዳ በሰከንድ 34 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል። ቀዳዳው ሹል ጠርዝ ስላለው አየሩ ይጠባል፤ ከቀዳዳው ስፋት 0.65 ያህሉ ብቻ እንደሚሠራ ይወሰዳል። በዚህ ሂሳብ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቧንቧ በሰከንድ 0.43 ሊትር ይጠጣል፤ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ባለ 16 ጫማ ቤዝ ደግሞ 10.8 ሊትር። አንዱ የሌላውን 25 እጥፍ! ቁልፍ የሚቆጥር ሞዴል ሁለቱን እኩል ያያቸዋል።

ሌላም አለ። በመስመሩ ውስጥ የሚከስረው ግፊት የሚያድገው በፍሰቱ ካሬ ነው፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኦርጋኑ በትንሽ ድምፅ ጽኑ ነው፣ ሙሉ ሲከፈት ነው የሚሰማው። በየቁልፉ እኩል የሚቀንስ ሂሳብ ይህን ጠባይ በጭራሽ አያመጣም። የሚቆጠረው ሊትር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ ቆመ።

የተሠራው ሞዴል

መስመሩ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ውስጡ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ተወሰደ። የአየር ሳጥኑ 100 ሊትር ይይዛል። መታጠፊያዎቹና መግቢያው ተደምረው የፍጥነቱን ግፊት 4 እጥፍ ያስከስራሉ ተባለ። ስድስት ቁልፍ በአራት ረድፍ በሰከንድ 25 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ያን ጊዜ በመስመሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 4.2 ሜትር፣ ኪሳራው 42 ፓስካል ነው፤ ከግፊቱ 6 በመቶ። በግማሹ፣ በ12.5 ሊትር፣ ኪሳራው 10 ፓስካል ብቻ ይሆናል።

ፒውር ዳታ ድምፅን የሚሠራው 64 ናሙና (የድምፅ ቅንጣት) በአንድ ጊዜ እያነሣ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሆን ይህ 1.45 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሞዴሉ በዚህ ልክ አንድ ዙር ይሄዳል። በየዙሩ፦

1. የተከፈቱት ቧንቧዎች የቀዳዳ ስፋት ይደመራል፤ የሳጥኑ የራሱ ማፍሰሻም ይታከልበታል።
2. ከስፋቱና አሁን በሳጥኑ ካለው ግፊት ስኩዌር ሩት የሚወጣው አየር ይሰላል። ግፊት ሲወርድ ቧንቧዎቹም የሚጠጡት ያንሳል፤ ይህ ካልገባ ሞዴሉ ከልክ በላይ ይሰምጣል።
3. በወናፉና በሳጥኑ መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ላይ የመስመሩ ኪሳራ ተቀንሶ የመስመሩ ፍሰት ይስተካከላል።
4. በአዲሱ ፍሰትና በሚወጣው አየር ልዩነት የሳጥኑ ግፊት ይስተካከላል።

በአራተኛው ላይ «በአዲሱ» የሚለው ቃል ለጌጥ አልገባም። በመጀመሪያው የፕሮግራሙ ቅጂ ፍሰቱም ግፊቱም የሚሰሉት በአሮጌው ዋጋ ነበር። አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ሲያዝ በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ መንቀጥቀጥ ጀመረና እየባሰበት ሄደ፤ ኮርድ ሲጨመርበት ጸጥ ይላል፣ ኮርዱ ሲነሣ ይመለሳል። የሚደንቅ የኦርጋን ጠባይ ይመስላል፣ ግን የሂሳብ ስሕተት ነው። ሁለቱንም በአሮጌ ዋጋ ማስላት በየዙሩ ለዥዋዥዌው ጥቂት ጉልበት ያበድረዋል። ብዙ ቧንቧ ሲከፈት ቧንቧዎቹ ራሳቸው ስለሚያረግቡት አይታይም፤ አንድ ቧንቧ ሲቀር ግን የሚያረግበው ስለሌለ ብድሩ ይጠራቀማል። የአንድ መስመር ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ አስተካከለው።

ማፍሰሻው መዘለል የለበትም። አየር የማያፈስ ሳጥን የለም፤ ቆዳው፣ ቫልቩ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያወጣል። በሰከንድ 1 ሊትር ማፍሰሻ ተሰጠው። ዜሮ ከተደረገ ሳጥኑ እንደ ደወል ይጮኻል፤ አንዴ የተመታ ዥዋዥዌ መቆሚያ ያጣል።

ትንሹ ወናፍ

ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ችግር ገጠመ። ትልቅ ኮርድ ይዞ አንድ ጣት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በአንድ ጊዜ ማንሣት ጥሩ ፈተና ነው፤ የአየር ሞዴል ደካማ ጎኑ እዚህ ይጋለጣል። 25 ሊትር ሲሮጥ የነበረው አየር መውጫ ሲያጣ ሳጥኑን ይመታዋል። በእነዚህ ልኮች የግፊቱ ብድግታ 420 ፓስካል ወጣ፤ የመደበኛው 60 በመቶ። የቀረው ድምፅ በሰከንድ 13 ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ተሰማ።

ቁጥሮቹን መጠምዘዝ ይቻል ነበር። ግን ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ዕቃ ነው። ኦርጋን ሠሪዎች ይህንኑ መምቻ ለማብረድ ከሳጥኑ አጠገብ በስፕሪንግ የተያዘ ትንሽ ወናፍ ይሰቅላሉ። ግፊት ሲያሻቅብ ይነፋና ትርፉን ይውጣል፤ ሲወርድ ይጎድልና ይለግሳል። በሞዴሉ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ስፕሪንጉ በሜትር 500 ኒውተን የሆነ ትንሽ ወናፍ ተጨመረ። የሳጥኑ ልልነት 11 እጥፍ ያህል አደገ። ዥዋዥዌው ከ13 ወደ 4 በሰከንድ ወረደ፣ ብድግታውም ወደ 126 ፓስካል፣ ማለትም 18 በመቶ። ይህም ሁሉም ጣት በአንዲት ቅጽበት ሲነሣ ነው፤ የሰው ጣት ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀዳደማል። በትንሹ ወናፍ መግቢያ ላይ ጥቂት ማነቂያ ተደርጎ መወዛወዙ ከአንድ ሰከንድ በታች እንዲረግብ ሆነ።

ጥንታዊ ኦርጋንን የሚመስል ልቅ ያለ አየር የሚፈልግ ስፕሪንጉን ማላላትና መስመሩን ማጥበብ ነው ያለበት። ዘመናዊ ጽኑ አየር የሚፈልግ መስመሩን ያስፋው፣ ያሳጥረው። በመጨረሻው ቃና ላይ «ጥቂት ማወዛወዣ» መጨመር ግን ወደ ትሬሙላንቱ ስሕተት መመለስ ነው።

ግፊት ወደ ቃና፦ የጥዱ ቧንቧና የደሴ ከፍታ

ግፊቱ 6 በመቶ ሲወርድ ቃናው ስንት ሴንት ይውረድ? ይህ ከቧንቧ ቧንቧ ይለያል፣ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ አንድ ቁጥር የለውም። ስለዚህ አንድ ቧንቧ ተሠርቶ ተለካ።

ከደረቅ የጥድ ጣውላ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጫፉ ክፍት፣ የድምፅ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቧንቧ አንድ አናጢ ሠራ፤ መካከለኛው ዶ አካባቢ ይጮኻል። አየሩ የሚመጣው ከወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ተኝቶ ክብደት ይጫንበታል። ግፊት መለኪያው ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ግልጽ ላስቲክ ነው፤ እንደ ዩ ታጥፎ ግማሹ ድረስ ቀለም የገባበት ውሃ ይሞላል። በአንዱ ወገን 26 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በሌላው 26 ይወጣል፤ ንባቡ 52 ነው። አንዱን ወገን ብቻ አንብቦ 26 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ደሴ ራሷ ሥራው ውስጥ ትገባለች። ከተማዋ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በባህር ጠረፍ ግን 1.2። በተመሳሳይ 70 ሚሊ ሜትር ግፊት አየሩ ደሴ ላይ በሰከንድ 39 ሜትር ይፈተለካል፤ ታች በ34። ቧንቧ የሚሰማው ፍጥነቱን ስለሆነ ደሴ ላይ 70 ተጭኖበት የተለካ ቧንቧ ከልክ በላይ እንደተነፋ ነው፤ ይጮኻል፣ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ሊዘልም ይቃጣዋል። የባህር ጠረፉን 70 የሚመስለው ደሴ ላይ 52 ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች በሁለቱ መካከል ትውላለች። ለሩብ ካሬ ሜትር ጣውላ 52 ሚሊ ሜትር ማለት ጣውላውን ጨምሮ 13 ኪሎ ነው፤ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ለማድረግ 1.3 ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ መጨመርና ማንሣት ይበቃል።

በክብደቱ ብቻ መተማመን ግን አይሆንም። ከረጢቱ ሲሞላ ጠርዙ ይከብና ከጣውላው ጋር የሚነካካው ስፋት ይጠባል፣ ስለዚህ ግፊቱ ከስሌቱ በላይ ይወጣል፤ እየጎደለ ሲሄድ ይስተካከላል። ንባብ መወሰድ ያለበት ከረጢቱ በግማሽ ላይ ሳለ፣ ከላስቲኩ እያዩ ነው። ቃናው የሚነበበው በስልክ መቃኛ አፕ ነው። ሌላው ጥንቃቄ የክፍሉ ሙቀት ነው፤ አንድ ዲግሪ ሙቀት 3 ሴንት ይቀይራል፣ የደሴ ማለዳና ቀትር ደግሞ አንድ አይደሉም። ሦስቱም ንባቦች (በመደበኛው ግፊት፣ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል) ባንድ ትንፋሽ፣ ተከታትለው መወሰድ አለባቸው።

ለ10 በመቶ የግፊት ለውጥ የተገኘው ከ5 እስከ 7 ሴንት ነው። ለሞዴሉ 6 ተወሰደ። ጉልበቱ በ10 በመቶ 1 ዴሲቤል እንዲቀንስ፣ ከዚያም ጋር የላይኛው ድምቀት ጥቂት እንዲደበዝዝ ተደረገ። ድምቀቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እሱ ሲጠፋ ግን ቃናው መውረዱ እንደ ቴፕ መጎተት ይሰማል። ኦርጋኑ ምላስ ያለው ረድፍ (ድምፁ ከሚርገበገብ ቀጭን ምላስ የሚወጣ) የለውም። ቢኖረው ኖሮ ለእሱ የተለየ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ ምላስ ግፊትን የሚከተለው እንደ ፉጨት ቧንቧ አይደለም።

ከፍታውን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ሞዴሉ ውስጥ የአየር ክብደት 1.2 ነው፤ 0.9 አይደለም። ኦርጋኑ ደሴ ቢጫወትም የተቀዳው እዚያ አውሮፓ፣ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ድምፁ የዚያን አየር ይዞ መጥቷል። የደሴው ቁጥር የሚያስፈልገው ለጥዱ ቧንቧ ልኬት ብቻ ነበር። ከልኬቱ የተወሰደውም ፐርሰንቱ ነው፣ ሚሊ ሜትሩ አይደለም።

ቅጂዎቹ የፈጠሩት ጣጣ

መጀመሪያ የነበረው የድምፅ ስብስብ የአዳራሹን ማስተጋባት ይዞ የተቀዳ ነበር። ቃናው ሲወርድ ማስተጋባቱም አብሮ ይወርዳል፤ ይህ በተፈጥሮ የለም። ከቧንቧው የወጣና በአዳራሹ የሚንከራተት ድምፅ ከወጣ በኋላ ቃናውን አይቀይርም። ጆሮ ይህን በስም ባይጠራውም ይታመማል። ስለዚህ ከቧንቧው አጠገብ በተቀዳ ደረቅ ስብስብ ተተካና ማስተጋባቱ መጨረሻ ላይ ለሁሉም በአንድነት ተጨመረ። ደረቅ ቅጂ ከሌለ ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይሻላል።

ቁልፍ ሲለቀቅ የሚጫወተው የማብቂያ ቅጂ ሁለተኛው ጣጣ ነው። ኮርዱ 4 ሴንት ወርዶ ሳለ ማብቂያው በዜሮ ከጀመረ መጋጠሚያው ላይ ቋ የሚል ነገር ይሰማል። ማብቂያው በዚያች ቅጽበት ያለውን ግፊት ወርሶ መጀመር አለበት።

ሦስተኛው የሚሰማው በረጃጅም ቅጂዎች ነው። ፒውር ዳታ የንባብ ቦታውን በ32 ቢት ቁጥር ይይዛል። ቦታው ወደ 200,000ኛው ናሙና ሲደርስ ለክፍልፋዩ የሚተርፈው ቢት ጥቂት ስለሆነ፣ ቃናው በትንሽ ሲቀየር ድምፁ ሻካራ ይሆናል። መፍትሔው የንባብ መነሻውን በተለየ ግቤት እየሰጡ ተንቀሳቃሹን ቁጥር ትንሽ አድርጎ መያዝ ነው። ከሜሞሪ ጋር በተያያዘም መዘንጋት የሌለበት አለ፤ በ64 ቢት ኮምፒውተር እያንዳንዷ ናሙና 8 ባይት ትይዛለች። 246 ቅጂ በአማካይ 4 ሰከንድ ቢሆን 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በዲስክ ላይ ካለው አራት እጥፍ።

ከማሲንቆ ጋር

ሞዴሉ ብቻውን ሲጫወት አምሮበት ሳለ ከማሲንቆ ጋር ሲገናኝ ጠብ ተነሣ። ይሞከር የነበረው በአምባሰል ቅኝት ነው፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ኮርዱ ላይ ቤዙ ሲገባ ማሲንቆ መቺው ቀስቱን አቆመ።

«ልጄ፣ እጅሽን ሳታነሺ ወረደብኝ እኮ።»

«ቤዙ ገብቶ ነው፣ ጋሼ።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። 25 ሊትር ላይ 11 ሊትር የሚጠጣ የቤዝ ቧንቧ ሲጨመር ፍሰቱ 36 ይሆናል፣ ኪሳራው ደግሞ ከ42 ወደ 86 ፓስካል ይዘላል። ቃናው ከነበረበት 4 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ በገባበት ቅጽበት ያለው መምቻ ሲታከልበት ለአፍታ ከ8 ያልፋል። ማሲንቆ ቃናውን የሚይዘው በጣት ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚወርድ ኦርጋንን ይከተላል፤ በድንገት የሚወርደውን ግን አይችልም። አምባሰል ደግሞ ከዶ ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቅ ሬ፣ ከሶል ቀጥሎም እንዲሁ ላ አለው። እንዲህ ባለ ጠባብ እርምጃ ላይ 8 ሴንት ጎልቶ ይሰማል። በባቲ ሲሞከር ቅሬታው ቀነሰ፤ ከዶ ወደ ሚ የሚያደርገው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ ጆሮ ይታገሣል።

የሞዴሉን ጥልቀት በግማሽ ማውረድ የቀረበ ሐሳብ ነበር። ያን ማድረግ ግን ለዜማው ያማረውን ሁሉ አብሮ ይገድላል። የተሻለው የትልልቅ ኦርጋኖች መንገድ ነው፤ ቤዙ የራሱ የአየር ሳጥንና የራሱ መስመር ይሰጠዋል። በሞዴሉ ውስጥ ይህ ሁለተኛ ተመሳሳይ ስሌት መጨመር ብቻ ነው። ለቤዙ 10 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ መስመር ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ቤዙ ሲገባ የሚወርደው ራሱ ቤዙ ነው፣ እሱም በጥቂቱ።

የቀረው የመቃኛ ነጥብ ነበር። የእውነተኛ ኦርጋን ቃኚ ቧንቧውን የሚቃኘው አንድ በአንድ፣ ጭነት በሌለበት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ኦርጋን ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል። ማሲንቆው ግን የሚቃኘው በአንድ ድምፅ ላይ ሆኖ የሚጫወተው ከሙሉ ኮርድ ጋር ነው። መላው ኦርጋን 2 ሴንት ከፍ ተደረገ፤ አንድ ድምፅ ብቻውን 2 ሴንት ከፍ ይላል፣ ሙሉ ኮርድ ደግሞ 2 ገደማ ዝቅ። ማሲንቆው የሚቃኘውም ከዚያ ወዲህ ሦስት ድምፅ ተይዞለት ነው።

የመብራት መጥፋት ፈተና

ሞዴሉን ለመፈተን አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፤ ኮርድ ይዞ የማራገቢያውን ፍሰት ዜሮ ማድረግ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ድምፁ ወዲያው እየሟሸሸ እንዲወርድ ነው። ትክክለኛው እንደዚያ አይደለም። ወናፉ 150 ሊትር ከያዘና ኮርዱ ከነማፍሰሻው 26 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ፣ ክብደቱ እየወረደ ግፊቱን እንዳለ ይይዘዋል፤ 5 ሰከንድ ገደማ ምንም አይሰማም፣ ከዚያ ነው የሚፈርሰው። በመጀመሪያው የፕሮግራሙ ቅጂ አፈራረሱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚተርፈው አየር በጣም ትንሽ ስለሆነ በቅጽበት ያልቃል። እውነተኛ ወናፍ ግን መጨረሻ ላይ እኩል አያርፍም፣ እጥፋቶቹ ይይዙታል። ስለዚህ በመጨረሻው 30 ሊትር ግፊቱ ቀስ በቀስ እንዲወርድ ተደረገ፤ መውደቂያው ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ወደ ወናፉ የሚገባው አየር ወደ ማራገቢያው እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭም በሞዴሉ መኖር አለበት፤ ካልተጻፈ ስሌቱ አየሩን ወደ ኋላ ያፈሰዋል፣ ወናፉም ከ5 ሰከንዱ ቀድሞ ባዶ ይሆናል።

እውነተኛው መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ስፒከሮቹ ናቸው የሚጠፉት። የድምፅ ካርዷ ግን ኃይል የምታገኘው ከላፕቶፑ ስለሆነ አትጠፋም። መብራት ሲመለስ ስፒከሮቹ ቋ እንዳይሉ ድምፃቸውን ወደ ዜሮ አውርዶ ማብራት ነው፤ ሞዴሉ በዚያ መካከል ስሌቱን ስላላቋረጠ እንደገና ማስነሣት አያስፈልገውም።